አያ ደምሴ ቦክሲያቸውን ከፍ ያደረጉ ጊዜ

አያ ደምሴ ማረፋቸውን የነገረኝ ረዳታቸው አየለ ነው። በር ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። «የእሌኒ እናት፣ አያ አረፉ» አለኝና ዝም አለ። አየለ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ ያመልጠዋል። ዝም ሲል ጊዜ ነው ያመንኩት። ቆየት ብሎ፣ «ቀብሩ ገዳሪፍ ነው። በገዛ ቦክሲያቸው ነው የምንወስዳቸው። ለሴቶቹ ንገሪያቸው» አለኝ።

ስልኩን ሳስቀምጥ ቀድሞ የመጣብኝ ኀዘን አይደለም፤ እፍረት ነው። እኚህን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይሞቃል። ሌላው ሰው በደግነታቸው ሲያነሳቸው እኔ አንገቴን እደፋለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ነገር አሳምሬ መጻፍ አልችልም። ግን እሳቸውን የማያውቅ ሰው እንዲያውቃቸው እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

እኛ የምንኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ቁረይሻ አካባቢ፣ በእርሻዎቹ መሀል ባለ ካምቦ ነው። ካምቦ የሚሉት የእርሻ ሠራተኞችን መንደር ነው፤ ጥቂት ጎጆዎች፣ አንዲት ሱቅ፣ የውሃ በርሜሎች፣ ሌላ ምንም የለም። አብዛኞቻችን ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተን እዚያው የቀረን ነን። ከካምቦው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በበጋ አቧራ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት ማለት ነው፣ መንገዱ ዋልካ ይሆናል። ዋልካ የረጠበ እንደሆነ ጫማ ያስቀራል፣ ጎማ ይውጣል። በዚያ ወራት ገዳሪፍ ደርሶ የሚመለስ አንድ መኪና ብቻ ነበር፤ የአያ ደምሴ ቦክሲ። ከኋላዋ ክፍት ሆና ግራና ቀኝ የብረት አግዳሚ የተበየደባት አሮጌ ፒክአፕ ናት። ጋቢናዋ ውስጥ ሰው አይቀመጥም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ቤንዚን በየመንገዱ ስለማይገኝ ጋቢናው የጀሪካን ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል። ሁላችንም ከኋላ ነን።

አያ ደምሴ ቁመታቸው ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ ድምፃቸው ግን ከዚያ ሁሉ አካል የሚወጣ የማይመስል ቀጭን ነበር። ዓይነ አፋር ናቸው። ያፈሩ እንደሆነ የቀኝ ጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይይዛሉ። ምስጋና ቢሰሙ ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ ሰው ሲጣላ ቢያዩ፣ ሳያጠፉም ጆሯቸውን ይይዛሉ። አየለ፣ «አያ፣ አይዞዎት አያመልጥም፣ ተሰፍቷል» ይላቸው ነበር።

ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ወደ ኋላ ይመጡና በጣታቸው አንጓ ብረቱን ኳ ኳ ያደርጋሉ። ፊታችንን አያዩም፤ እግር እግራችንን እያዩ፣ «ተመቻችሁ?» ይላሉ። እኛም በአንድ ድምፅ «ተመችቶናል!» እንላለን። አንድ ሰው ዝም ካለ ያውቁታል። «አንዲት ድምፅ ጎደለች» ይላሉ፤ እሷ እስክትናገር አይሄዱም። አንድ ቀን ከአግዳሚው ሥር ፍየል ታስራ ነበር። አየለ፣ «አያ፣ ፍየሏን ረሷት እኮ!» አላቸው። አያ ደምሴ የምራቸውን ጎንበስ ብለው ጀርባዋን መታ መታ አድርገው «ተመቸሽ?» አሏት፤ ቆመውም ጠበቁ። ፍየሏ ስትጮኽ ነው የሄዱት። ገዳሪፍ እስክንደርስ ስቀን ሆዳችን ቆሰለ።

እውነቱን ልናገርና እኛ ሁልጊዜ አልተመቸንም። የዘይት ጀሪካን ጉልበቴን ተጭኖኝ፣ የሰው ዶሮ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «ተመችቶናል» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ግን ያደግነው እንደዚያ ነው። ስላንቺ የደከመ ሰው ተመቸሽ ወይ ካለሽ ተመችቶኛል ነው መልሱ። እናቴ፣ «ሰው ቤት ገብቶ ወጡ ጨው በዝቶበታል አይባልም» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ እውነት የምትሆነው ጉልበት ሳይሆን ልብ ናት፤ ልባችን በርግጥም ተመችቶት ነበር።

እሌኒ ልጄ አስም አለባት። ትንፋሿ ሲዘጋ ደረቷ እንደ ወናፍ ይጮኻል፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። መርፌውና በአፍንጫ የሚሰጠው አየር ያለው ገዳሪፍ ሆስፒታል ነው። ባለቤቴ የዓመቱን ግማሽ ራቅ ባለ ማሳ ላይ ስለሚሠራ እኔና እሷ ብቻችንን ነን። ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅልፌን የምተኛው አንድ ጆሮዬን ከፍቼ ነው። የሰው ልጅ ሁሉ ደመና ሲመጣ ስለ እርሻው ይደሰታል፤ እኔ ስለ መንገዱ እጨነቃለሁ።

ከሁለት ኸሪፍ በፊት የፈራሁት ደረሰ። እሌኒን ይዘን ወደ ገዳሪፍ ስንሄድ ትራክተሮች የቆፈሩት የጎማ ቦይ ውስጥ ገባን። መሀል ላይ የቀረው የጭቃ ጉብታ የቦክሲዋን ሆድ ደገፈውና ጎማዎቹ አየር ላይ መሽከርከር ጀመሩ። ወንዶቹ ገፉ፣ አልሆነም። አያ ደምሴ ሆዳቸው ላይ ተኝተው ጭቃውን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። እኔ ለእሌኒ በቶቤ ጫፍ አራግብላታለሁ፤ ቶብ ማለት እዚህ አገር ሴቶች የሚከናነቡት ረጅም ልብስ ነው። በኋላ አንድ ትራክተር መጥቶ ጎትቶ ባያወጣን ልጄን እዚያው ነበር የማጣት። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አያ ደምሴ እስከ ክንዳቸው ጭቃ እንደሆኑ ቆመው፣ «መኪናዬ አጠረች» አሉኝ፤ ልክ እሳቸው ያጠሩ ይመስል። ጭቃ በሆነ ጣታቸው ጆሯቸውን ያዙ።

ዝናቡ እንዳቆመ ቦክሲዋን ከፍ ለማድረግ ቆረጡ። ግን አያ ደምሴ ሳይጠይቁ ምንም የማያደርጉ ሰው ናቸው። በየቤቱ እየዞሩ ጠየቁ። እኔም ቤት መጥተው የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጡና በጣታቸው እየለኩ አስረዱኝ። ገዳሪፍ ውስጥ ባሌስትራ የሚሠራ ኡስታ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ አለ፤ ኡስታ ማለት ዋና ባለሙያ ነው። ባሌስትራ የሚሉት መኪናዋን ከጎማዋ በላይ የሚሸከማትን የተደራረበ ዝርግ ብረት ነው።

«ኡስታ ሦስት መንገድ አለ ይላል» አሉ። «አንደኛው የድሮውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ እንደገና ማጉበጥ ነው። አራት ጣት ከፍ ትላለች፤ ለወገብም ለስላሳ ናት። ሁለተኛው ከጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጦ መደረብ ነው። አንድ ስንዝር ትነሳለች፤ ግን ባዶዋን ስትሄድ ድንጋይ ናት፣ ታነጥራለች። ሦስተኛው እሱንም ደርቦ ከሥሩ የብረት ታኮ ማስገባት ነው። ስንዝር ተኩል! ምንም ጭቃ ሆዷን አይነካውም። ትንሽ መወዛወዝ አላት ብሎኛል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ስለ ባሌስትራ ምን አውቃለሁ? ዓይኔ ላይ የነበረው ያ የጭቃ ጉብታና የልጄ ከንፈር ነው።

«የቱ ነው በጣም ከፍ የሚለው፣ አያ?»

«ሦስተኛው።»

«እንግዲያው እሱ ይሁን።»

ፊታቸው በራ። ሌሎቹም እንደዚያው። ጎረምሶቹ ገና ሳይጠየቁ «ከፍ! ከፍ!» አሉ። ሴቶቹ የአያን ፊት አይተው «እንደወደዱ» አሉ። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እትዬ ጥሩነሽ። ባለ ሱቋ ናት፤ ሰውነቷ ከባድ፣ ምላሷ ፈጣን። «እኛስ በምን እንወጣለን?» አለች። አየለ ቀበል አድርጎ፣ «አንቺንማ በክሬን ነው!» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጥያቄውም በሳቁ መሀል ጠፍቶ ቀረ።

ቦክሲዋ ተሠርታ የመጣች ቀን ግመል የመጣ ነው የመሰለን። ልጆች በሥሯ ይሽሎከለካሉ። አየለ ጣሪያዋ ላይ ቆሞ፣ «አሮጊቷ ታኮ ጫማ አደረገች!» እያለ ይጮኻል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አያ ደምሴ ያንን ቦይ እንደ ሜዳ ተሻገሩት። እልል ካሉት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ መሳፈር መጣ። የኋላው መወጣጫ ብረት ድሮ ጉልበቴ ጋ ነበር፤ አሁን ከጭኔ በላይ ሆነ፤ ወለሉ ደረቴ ጋ ደረሰ። ሴት ልጅ ቶብ ለብሳ እግሯን እስከየት ታነሳለች? አንዱ ከላይ ሁለት እጅሽን ይዞ ይጎትታል፤ አንዱ ከታች ይገፋል። የት ይዞ እንደሚገፋ እኔ አልጽፈውም። አየለ የሰሊጥ ጆንያ ሲጭን እንደለመደው «ያዝ! ሳብ! ግፋ!» ይላል። ክፋት የለውም፤ አፉ ያመጣለትን ነው። የመጀመሪያ ቀን ቶቤ ከትከሻዬ ተንሸራቶ መሬት ቀረ። ሱቁ በር ላይ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ፊት የውስጥ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ድረስ ታየ። ከዚያ ቀን በኋላ የቶቤን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ነው የምወጣው። አንዳንዷ የባሏን ሱሪ ከሥር መልበስ ጀመረች።

አያ ደምሴ ይህን ሁሉ አላዩም። ለምን ብትሉ፣ ሴቶች ሲሳፈሩ ለክብራችን ብለው ጀርባቸውን ይሰጡን ነበር። ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ቆመው ይጠብቃሉ። ጭነን ስንጨርስ መጥተው ኳ ኳ ያደርጉና እግራችንን እያዩ፣ «ተመቻችሁ?» ይላሉ።

«ተመችቶናል!»

ከድሮው ይልቅ ጮክ ብለን ነው የምንለው።

ውሃ በርሜሉ ጋ ስንገናኝ ሌላ ወሬ የለንም። «ንገሪያቸው እንጂ» ትለኛለች አንዷ። «አንቺን ይወዱሻል፤ እሌኒንም እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።» እኔም፣ «እኔማ በየት አፌ? ለኔ ልጅ ብለው አይደል ከፍ ያደረጓት?» እላለሁ። «እትዬ ጥሩነሽ ትንገራቸው።» «እኔ ብናገር ከውፍረቷ ነው ይላሉ» ትላለች እሷ። እንዲህ እየተባባልን ባልዲያችንን ሞልተን እንለያያለን። ቀስ በቀስ ሴቶቹ ገዳሪፍ መሄድ ተዉ። የሚገዛውን ለወንድ ይልካሉ፤ የታመመችው ቤቷ ትተኛለች። እትዬ ጥሩነሽ ስኳር አለባት፤ እግሯ ላይ ቁስል ወጣና አልደርቅ አላት። አያ ደምሴ በሯ ድረስ ሄደው፣ «ለምን ሐኪም ዘንድ አልወስድሽም?» አሏት።

«ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል፣ አያ?»

«አንድ ቀን ብትዘጊው?»

«ኧረ ይሻለኛል፣ ቅጠል አድርጌበታለሁ።»

ከገዳሪፍ ቅባት ገዝተው አመጡላት። እኛ ቆመን መሬት መሬት እናያለን።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ እንዳለ የእሌኒ ትንፋሽ ተዘጋ። ወንዶቹ ሁሉ ለአረም ማሳ ወርደዋል፤ አየለም አብሯቸው ነው። አያ ደምሴ ብቻቸውን ቦክሲዋን በሬ ድረስ አመጧት። ጋቢና እንዳላስገባት የቤንዚኑ ሽታ ይጨርሳታል። ከኋላ መውጣት አለብኝ። አያ ደምሴ ልጅቷን አንስተው ሊያስገቡልኝ ሞከሩ፤ እሌኒ ግን ትንፋሿ ሲዘጋ አንገቴን አንቃ ነው የምትይዘኝ፤ ብትገደል አትለቅም። አዝያት ልወጣ እግሬን ባነሳ መወጣጫው አልደረሰልኝም። እንደገና ሞከርኩ፤ ተንሸራትቼ ጉልበቴ ላይ ወደቅሁ። የሚጎትት የለም፤ የሚገፋም የለም።

አያ ደምሴ ቦክሲዋን አዩ፤ እኔን አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ይመስለኛል። ከዚያ ምንም ሳይሉ ነጭ ጀላቢያቸውን እንደለበሱ በእጃቸውና በጉልበታቸው ጭቃው ላይ ተደፉ።

«ርገጪና ውጪ» አሉኝ።

እኔ አገር የሽማግሌ እግር ተዘርግቶ እንደሆነ ዞረሽ ታልፊያለሽ እንጂ አትሻገሪውም። እኚህ ሰው አባቴን የሚያህሉ ናቸው። ጫማዬን አወለቅሁ፤ እግሬም ያው ጭቃ ነው። ቆምኩ። ልጄ ጀርባዬ ላይ እየሞተች እኔ የሰው ጀርባ ላይ መቆም አፍሬ ቆምኩ።

«እንዴት ብዬ፣ አያ?»

«ርገጪ እንጂ ልጄ!»

እትዬ ጥሩነሽ በዱላዋ እያነከሰች ከሱቋ ስትመጣ አየችን። «አንቺ ድንጋይ! ልጅቷ እኮ እየሞተች ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ረገጥኳቸው። የጀርባቸው አጥንት ከእግሬ ሥር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። ቶቤ ወርዶ ራሳቸው ላይ ወደቀ። ያኔ ከልብሱ ሥር፣ ከልማድ ይሁን ከደግነት፣ ያ ቀጭን ድምፃቸው መጣ።

«ተመቸሽ?»

ከየት እንደወጣ አላውቅም። «አልተመቸኝም!» አልኩ። «አልተመቸንም፣ አያ! ማናችንም አልተመቸንም! አንድ ቀንም ተመችቶን አያውቅም!»

ብረቱን ይዤ ወጣሁ። እሳቸው ተነሱ። ጀላቢያቸው ጀርባ ላይ የእግሬ ቅርጽ ከነጣቶቹ ታትሟል። ዘወር ብለው እትዬ ጥሩነሽን አዩአት፤ ውሸቷን ነው እንድትላቸው የጠበቁ ይመስለኛል። እሷ በጨርቅ የተጠቀለለ እግሯን አየች። አያ ደምሴ ጆሯቸውን ያዙ። «እሺ» አሉና ገብተው አስነሱ።

የሚያሳፍረው ደግሞ መድረሳችን ነው። ያንን ሁሉ ጭቃ የተሻገርነው በዚያችው ከፍታ ነው። የድሮዋ ቦክሲ ብትሆን ልጄ መንገድ ላይ በቀረች ነበር። የሰደብኩት ከፍታ ልጄን አተረፈልኝ። እሌኒ አየሩ አፍንጫዋ ላይ ተደርጎላት ቀለሟ ሲመለስ በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። አያ ደምሴ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቆመዋል። ሰው ባለፈ ቁጥር ይበልጥ ይለጠፋሉ። የእግሬን ምልክት እየደበቁልኝ ነበር።

እሌኒ ድና ስንወጣ በቀጥታ ወደ ካምቦ አልመለሱንም። የባሌስትራ ሠሪዎቹ ሰፈር፣ ኡስታ ኢድሪስ ወርሻ ወሰዱን፤ ወርሻ የሚሉት ጋራዡን ነው። ኡስታ ኢድሪስ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። አያ ደምሴ የፈለጉትን ሲነግሩት በዐረብኛ ሳቀባቸው። «አንተ ደምሴ፣ ሰው ሁሉ ከፍ አድርግልኝ እያለ ያለቅስብኛል፤ ዝቅ አድርግልኝ ብሎ የመጣ አንተ ብቻ ነህ። እስከየት ልቀንሰው?»

አያ ደምሴ ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ የሰው እጅ ሳትይዝ የወጣችበት ላይ አቁመው።»

ቀና ስል መዶሻው ሁሉ ጸጥ ብሏል። የወርሻው ወንዶች እኔን ያያሉ። ኡስታ ታኮውን አወጣ፤ መኪናዋን አወረዳትና «ውጪ» አለኝ። እግሬን አነሳሁ፤ አልደረሰም። አንዱ በጥርሱ ሳቅ አለ። ኡስታ ከተደረበው ብረት ግማሹን ፈታ፤ እንደገና አነሳሁ፤ ደረሰ ግን ራሴን መሳብ አቃተኝ፤ እንደተንጠለጠልኩ ቀረሁ። እሌኒ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም። ኡስታ የተደረበውን ሁሉ አውጥቶ የድሮውን ባሌስትራ በእሳት አግሎ፣ አጉብጦ መለሰው። መጀመሪያ ለአያ የነገራቸው፣ ሁላችንም የናቅነው አራት ጣቱ ማለት ነው። ከሥሩ ሰፊ መወጣጫ በየደበት። እግሬን አሳረፍኩ፣ ብረቱን ያዝኩ፣ ወጣሁ። ወረድኩ። እንደገና ወጣሁ።

አያ ደምሴ በዚያን ቀን ጀርባቸውን አልሰጡም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እግሬን አዩ። «ተመቸሽ?» ይሉኛል ብዬ እላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ለኡስታ ነው የተናገሩት፤ «እዚህ ላይ» አሉት።

«በዋልካ ትሰምጥብሃለች» አላቸው ኡስታ።

«ከሰመጠች ወርደን እንገፋታለን» አሉ። «መውጣት አቅቶት ቤቱ የቀረውን ሰው ግን ማን ያየዋል?»

የእናት ልብ ክፉ ነው፤ ይህን ስሰማ ደስ አላለኝም። የልጄ መንገድ ነው ዝቅ ያለው። ፊቴን አይተው ሳይሆን አይቀርም፣ በመንገድ ላይ መኪናዋን አቁመው ወደ ኋላ መጡ። «እሌኒ በኸሪፍ ገዳሪፍ እኅቴ ዘንድ ትቆይ፤ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ እዚያው ትማራለች» አሉኝ። እንደዚያም ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቦክሲዋ ሰመጠች፤ ወንዶቹ እየገፉ አጉረመረሙ። እትዬ ጥሩነሽ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻዋን ወጥታ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ እግሯ ዳነ። ለኡስታ ያሉትን ነግሬያቸው ሴቶቹ ሁሉ ተመለሱ። አያ ደምሴ ስንሳፈር ፊታቸውን አያዞሩም፤ አንድ በአንድ ያዩናል። መጠየቁን ግን ተዉት። ኳ ኳ ያደርጉና ወደ መሪያቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «አያ፣ ዛሬ አልጠየቁንም እኮ» አልኳቸው። ጆሯቸውን ያዙ። «አሁን እያየሁ ነው የምነዳው» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ለዚህ ነው የሚያቃጥለኝ። ያልተመቸን ከፍታው ከመጣ ወዲህ ነበር። እኔ ግን «አንድ ቀንም» ብያቸዋለሁ። ያቺን ፍየል ጠይቀው እንባችን እስኪመጣ የሳቅንበትን ቀን ሳይቀር አብሬ ወስጄባቸዋለሁ። ያለፈው ሁሉ ውሸት መስሏቸው ይሆን? ልጠይቃቸው ስል ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመት ሞላ። ሞት ቀደመኝ።

በቀብሩ ዕለት ወንዶቹ በትራክተር ተሳቢ ቀድመውን ሄዱ። ሳጥኑ ቦክሲዋ መሀል ላይ ሆነ፤ ሴቶቹ በግራና በቀኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አየለ ነው የሚነዳው። ያ ቦይ ጋ ስንደርስ የቦክሲዋ ሆድ ጉብታውን ነካና ቆመች። አየለ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደፋ።

እትዬ ጥሩነሽ ተነሳች። «ምን ትጠብቃላችሁ? ወርደን እንገፋታለን አላሉም?»

ወረድን። ቶባችንን ወገባችን ላይ አሰርን። ትከሻችንን ብረቱ ላይ አድርገን ገፋን፤ ጭቃው ፊታችን ላይ ተረጨ። እያለቀስን ይሁን እያላበን የሚለይ አልነበረም። ጎማዋ ያዘችና ወጣች። ከዚያ አንድ በአንድ እግራችንን መወጣጫው ላይ እያሳረፍን ተመለስን። ማንም ማንንም አልጎተተም።

አየለ ወደ ኋላ መጣ። እጁን አነሳና በአንጓው ብረቱን ኳ ኳ አደረገ። እግራችንን አየ።

«ተመችቶናል» አለች እትዬ ጥሩነሽ ማንም ሳይጠይቃት።

«ተመችቶናል» አሉ ሌሎቹም።

እኔ ዓይኔን ሳጥኑ ላይ ተክዬ አብሬያቸው አላልኩም። አየለ ቀና ሳይል፣ «አንዲት ድምፅ ጎደለች» አለ።

እጄን ሳጥኑ ላይ አደረግሁ። «ተመችቶኛል፣ አያ» አልኩ። «ድሮም ተመችቶኝ ነበር።»

አየለ ሄዶ ሞተሩን አስነሳ።